ከተማ ለቀየረ ቤተሰብ አራት ስንቆች



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በጁምዓ ኹጥባ እምብዛም የማይነሳ፣ በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ግን ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት በለሆሳስ የሚያነሱት ጉዳይ ነው። ይኸውም ሕፃናት ልጆችን ይዞ ከኖሩበት ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ስለ መዛወር ነው። በሥራ ዝውውር፣ በንግድ፣ በትምህርት ወይም በሌላ ችግር ምክንያት ቤቱን ጠቅልሎ የሚሄድ ቤተሰብ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲገጥመን ስለ ቤት ኪራዩ እንጠይቀዋለን፤ ስለ ደላላው፣ ስለ ውሃው ፈረቃ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንጠይቀዋለን። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚጫወቱና እናታቸው ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ቃል እንደምትለዋወጥ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

እኔ ይህንን የምጽፈው በመስማት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ባለቤቴንና ሦስት ልጆቻችንን ይዤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬያለሁ። ያን ጊዜ ታላቁ ልጃችን ስድስት ዓመቱ፣ ተከታዩዋ አራት ዓመቷ ሲሆን ትንሹ ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው የመንደር ግቢ ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለልጆቹ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ አልነበረም። ደሴ ሳሉ ከበር ሲወጡ «የማን ልጅ ነህ?» የሚላቸው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃቸው ነበርና። አዲስ በገቡበት ሰፈርም «የማን ልጅ ነህ?» የሚላቸው አልተገኘም፤ ማንም አያውቃቸውምና። ሁለቱ ዝምታዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ትንሽ ልጅ ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይረዳዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ ቤተሰብ ዝውውር የሚያበቃው መቼ ነው? ዕቃው ከመኪና ወርዶ አልጋው ሲዘረጋ ነውን? በእኔ እምነት አይደለም። ዝውውሩ የሚያበቃው ከበሩ ውጪ ልጁን በስሙ የሚጠራ ሰው ሲገኝ ነው። ይህንንም ዲናችን ገና ከጥንቱ አስተምሮናል።

የኢስማዒል እናትና የሰው ናፍቆት

ሕፃን ታቅፋ ወደማታውቀው አገር ከገቡ እናቶች ሁሉ ስሟ የገነነው ሃጀር (ዐ.ሰ) ናት። በሱረቱ ኢብራሂም (14፡37) እንደተነገረን ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ከዘሮቻቸው ከፊሉን አዝመራ በሌለበት ሸለቆ፣ በተከበረው ቤት አጠገብ አሰፈሩ። ያሰፈሯቸውም ሶላትን እንዲሰግዱ መሆኑን ከገለጹ በኋላ ሁለት ነገር ለመኑላቸው፤ የሰዎች ልብ ወደ እነርሱ እንዲያዘነብልና ከፍራፍሬዎች ሲሳይ እንዲያገኙ። ወገኖቼ፣ የልመናውን ቅደም ተከተል ልብ እንበል! ሸለቆው ቡቃያ የማይታይበት ደረቅ ምድር ሆኖ ሳለ፣ ከፍሬው በፊት የተለመነው የሰው ልብ ነው።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ያወሩትና ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ታሪኩን ያሟላልናል። ኢብራሂም ጥቂት ቴምርና አንድ አቁማዳ ውሃ ትተውላት ሲሄዱ ሃጀር ይህንን ያዘዘህ አላህ ነውን ብላ ጠየቀች። አዎን የሚል መልስ ባገኘች ጊዜም እንግዲያው አላህ አይጥለንም አለች። ውሃው አለቀ፤ ሕፃኑ በጥም ተንፈራገጠ፤ እናት በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፤ የዘምዘምም ምንጭ ፈለቀ። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናቆመው እዚህ ላይ ነው። ሐዲሱ ግን ይቀጥላል። የጁርሁም ነገድ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ወፍ ሲያንዣብብ አይተው ወደ ውሃው መጡና ከእርስዋ አጠገብ ለመስፈር ፈቃድ ጠየቁ። ውሃውን የራሳችን ነው እንዳይሉ ከተስማማች በኋላ ፈቀደችላቸው። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) የኢስማዒል እናት በዚህ ደስ እንዳላት፣ ከሰው ጋር መኖርን ትወድ እንደነበር ገልጸዋል። ኢስማዒልም ከእነዚያ ጎረቤቶች ጋር አደገ፤ ዐረብኛንም ከእነርሱ ተማረ።

ከዚህ የምንማረው ከባድ ቁም ነገር አለ። የሃጀርን ተወኩል የሚስተካከል ተወኩል ከየት ይመጣል? ውሃዋም ከእግሯ ሥር ፈልቆላታል። ይህ ሁሉ እያላት ሰው ወደደች። ስለዚህ በአራተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት ሕፃናት ጋር ተዘግታ የምትውል እናት «ሰው ናፈቀኝ» ስትል የኢማን ድክመት ነው የሚላት ካለ የሃጀርን ታሪክ እስከ መጨረሻው አላነበበም። ደግሞም ልጅ ከጎረቤት የሚወስደው ነገር ጥቂት አይደለም፤ ኢስማዒል የወሰዱት ቋንቋን ያህል ነገር ነው።

መዲና ላይ የተሰማው የመጀመሪያ ንግግር

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ የከተማው ሰው ሊያያቸው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከወጡት አንዱ በዚያን ጊዜ የአይሁድ ሊቅ የነበሩት ዐብደላህ ኢብን ሰላም (ረ.ዐ) ነበሩ። ፊታቸውን ሲያዩ የሐሰተኛ ፊት እንዳልሆነ ማወቃቸውንና ከአንደበታቸው መጀመሪያ የሰሙትን ንግግር ነግረውናል። ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ በዘገቡት በዚህ ሐዲስ መልእክተኛው ሰዎችን በአራት ነገር አዘዙ፤ ሰላምታን እንዲያሰራጩ፣ ምግብ እንዲያበሉ፣ ዝምድናን እንዲቀጥሉ፣ ሰዎች በተኙበት ሌሊት እንዲሰግዱ። ይህንን ያደረጉ በሰላም ጀነት እንደሚገቡም አበሰሩ።

ይህ ንግግር መቼ እንደተነገረ እናስተውል። መካን ለቅቀው የመጡ ሙሃጂሮች ቤትም ንብረትም ሳይኖራቸው፣ ከተማው ገና ሳይለምዳቸው የተነገረ ነው። ትእዛዙ ለሁሉም ዘመንና ለሁሉም ሙስሊም ነው። ሆኖም ከተማ ለቀየረ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላገኘሁምና አራቱን በየተራ እንመልከታቸው።

አንደኛ፦ ሰላምታ

«እኛ እንግዶች ነን፤ መጀመሪያ ሊጠይቁን የሚገባቸው ነባሮቹ ናቸው» የሚል ሰው ይኖራል። በወግ ረገድ ሐሰት አይደለም። የሰላምታ ሥርዓታችን ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በቡኻሪ ሐዲስ የሚሄድ ሰው የተቀመጠውን፣ ጥቂቶችም ብዙዎቹን ሰላም እንዲሉ ተደንግጓል። ወደ አንድ ሰፈር አዲስ የሚገባ ቤተሰብ በመንገድ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ ነዋሪዎቹ የተቀመጡት ናቸው። እርሱ አምስት ነፍስ ነው፤ እነርሱ ሃምሳ ናቸው። እንግዲህ ሰላምታው ከማን ይጀምራል? ከመጪው አይደለምን?

እኛ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዤ በመወጣጫችን ያሉትን በሮች አንኳኳሁ። «በዚህ ገብተናል፤ የዚህ ልጅ ስም ይህ ነው፤ የዚህችም ይህ ነው» ከማለት ሌላ ነገር አልተናገርንም። ከሁለት በሮች ፈገግታ፣ ከአንዱ ግርምት፣ ከሌላው ደግሞ የአንዲት እናት «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ እንጂ ልጆቼ» የሚል ቃል ተቀበልን። ያቺ ቀን ብዙም አልሠራችም፤ ነገር ግን ልጆቹ ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ ሲያልፉ በስም ተጠሩ።

ለልጅ ሰላም ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ሱና ነው። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በሕፃናት አጠገብ ሲያልፉ ሰላም ብለዋቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ተናግረዋል። የአነስን ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርንም እናስታውስ። ትንሽ ወፍ ነበረው፤ ወፏ ስትሞትበት የአላህ መልእክተኛ ስለ ወፏ እያነሱ ያጫውቱት ነበር። ከተማ የሚመሩ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ የአንድ ሕፃን ወፍ መሞቷን ያውቃሉ፤ ያስታውሳሉ። እኛስ ከጎናችን ካለው ቤት የገባውን ልጅ ስም እናውቃለንን?

ይህን ስል ግን ልጆችን ላላወቁት ሰው እንልቀቅ ማለቴ አይደለም። ሰላምታው በወላጅ ፊት ይሁን። ልጁ ማን ቤት መግባት እንደሚችል፣ ማን ከትምህርት ቤት ሊያመጣው እንደሚችል ተለይቶ ይነገረው። የቤቱን ቁጥርና የወላጁን ስልክ በቃሉ ይያዝ። ጥንቃቄና ሰላምታ አይጣሉም፤ እንዲያውም ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ማንን መጠንቀቅ እንዳለበትም አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ምግብ ማብላት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን እንዲያበዙና ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። ምክሩ ሥጋ ጨምሩ የሚል አይደለም፤ ውሃ ጨምሩ የሚል ነው። በኑሮ ውድነት ዘመን ላለን ሰዎች ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ለጎረቤት የሚሆን ነገር የሚታጣበት ቤት የለምና።

በሕንፃችን የሚኖሩት ሁሉ ሙስሊሞች አይደሉም። ይህ ለአንዳንዶቻችን ጥያቄ ይፈጥራል። መልሱ ግን በሶሐቦች ኑሮ ውስጥ ተቀምጧል። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁትን እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ምክንያታቸውም ጂብሪል ጎረቤትን በሚመለከት አጥብቆ ከማዘዙ የተነሳ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው ነቢዩ እስኪያስቡ መድረሳቸውን መስማታቸው ነበር። በሱረቱ አን-ኒሳእም (4፡36) የቅርብ ጎረቤትና የሩቅ ጎረቤት ተለይተው ተጠቅሰው ለሁለቱም መልካም መዋል ታዟል።

በአገራችን በቆየው ልማድ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ትልቅ ሰው ይህን ለምዶታል፤ ሕፃን ግን ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ በዓል ጎረቤቶቻችን ሲጠሩን ልጄ ለምን ከወጡ እንደማንበላ ጠየቀች። እናቷ እንዲህ ስትል መለሰችላት፦ «የእኛን ሥጋ ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፤ የእነርሱንም እነርሱ በሃይማኖታቸው ያርዱታል። ዳቦውና ቡናው ግን የሁላችንም ነው።» ንቀት የሌለበት መልስ ነው፤ መደባበቅም የለበትም። ልጅ ሃይማኖቱን እንዲያከብር ስናስተምረው የሌላውን እንዲያዋርድ ማስተማር አይገባንም። በክርስቲያኖቹ ጾም ወቅት ሽሮውና ምስሩ ወደ እኛ ይመጣል፤ በረመዳን ደግሞ ከእኛ ቤት ሾርባና ሳምቡሳ ይወጣል። ሳህኑን ተሸክመው የሚወጡትና የሚወርዱት ልጆች ናቸው። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር በሆነበት አገር አንዲት ሳህን የምትሠራውን ሥራ ማንም ሰባኪ አይሠራውም።

ቡናውንም አንርሳ። ደሴ ላይ ባለቤቴ ብቻዋን ቡና ጠጥታ አታውቅም ነበር። እዚህ ግን ጀበናው ለአንድ ሰው ሲጣድ ሰነበተ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ያለችውን ጎረቤት ጠራች፤ በማግስቱ ተጠራች። የሕፃኑ ትኩሳት፣ የውሃው መምጫ ሰዓት፣ የታመነው ክሊኒክ፣ የእድሩ መመዝገቢያ ቀን ሁሉ የተገኘው ከዚያ ቡና ላይ ነው። ባሎች ሆይ፣ ለቡና የምትወጣን ስኳር ወጪ ናት አትበሏት።

ሦስተኛ፦ ዝምድናን መቀጠል

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። እውነት አለበት። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ጎረቤትን የሚያስገኘውን ሰላምታና ምግብ ካዘዙ በኋላ ዝምድናን መቀጠልንም አከሉ። አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም ማለት ነው። ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚሻ ዝምድናን ይቀጥል ዘንድ መምከራቸውንም ቡኻሪ ዘግበዋል። ዝምድናን ቀጠለ የሚባለውም ለጠየቀው አጸፋ የሚመልስ ሳይሆን ሲቆርጡት የሚቀጥል ነው።

ከተማ የቀየረ ሰው በዚህ ረገድ ሁለት አደጋ አለበት። አንደኛው የድሮውን አገር ቀስ በቀስ መርሳት ነው። ሥራው ይበዛል፤ ስልኩ ከሳምንት ወደ ወር ይሸጋገራል፤ ከወርም ወደ ዒድ ብቻ ይወርዳል። ሁለተኛው ደግሞ ልብን እዚያው ትቶ መምጣት ነው። ሰውየው በአዲሱ ከተማ ይኖራል፤ ነገር ግን በልጆቹ ፊት ሰፈሩን፣ ውሃውን፣ ሰዉን ሲያማርር ይውላል። ልጆቹም ያሉበትን እንዳይወዱ፣ የተዉትንም እንዳያገኙ ሆነው ያድጋሉ።

ናፍቆት በራሱ ነውር አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን መዲና በገቡበት ጊዜ አባታቸው አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ታመሙ። ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው የመካን ሸለቆና በዚያ የሚበቅለውን ሣር እያነሳ በግጥም ይናፍቅ ነበር። ዓኢሻ ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነገሯቸው ጊዜ ናፋቂዎቹን አልገሠጹም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ አብልጦ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው አላህን ለመኑ። እንግዲህ ሕፃን «ወደ ቤታችን እንመለስ» ብሎ ሲያለቅስ መድኃኒቱ ቁጣ አይደለም። ናፍቆቱን ሰምቶ፣ ያሉበትን እንዲወድ ዱዓ ማድረግ ነው።

በቤታችን አንድ ልማድ ይዘናል። ጁምዓ ከዐስር በኋላ ደሴ ለሚኖሩት አያታቸው ይደወላል። ስልኩን የሚይዙት ልጆቹ ናቸው። አያታቸውም የሳምንቱን ወሬ ይጠይቃሉ፤ የተማሩትን ሱራ ያስቀራሉ፤ መርቀው ይዘጋሉ። አንዳንድ ጊዜም በአውቶቡስ በመጣ ሰው እጅ ቆሎ ይልካሉ። ቆሎው በአንድ ቀን ያልቃል፤ «አያቴ የላኩልኝ» የሚለው ቃል ግን ወሩን ሙሉ ይነገራል።

አራተኛ፦ ሰዎች በተኙበት ሌሊት

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቀን የሚሠሩ፣ ሰው የሚያያቸው ናቸው። አራተኛው ግን በራችን ከተዘጋ በኋላ ያለውን ቤታችንን ይመለከታል።

መድረሳውና ዘመዱ በራቀበት ጊዜ ቤት ራሱ መስጂድም መድረሳም ይሆናል። በሱረቱ ዩኑስ (10፡87) ሙሳና ወንድማቸው (ዐ.ሰ) ለሕዝባቸው በግብፅ ቤቶችን እንዲያዘጋጁ፣ ቤቶቻቸውንም መስገጃ እንዲያደርጉ ታዘዋል። በአንዳንድ አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች መስጂዱ ሩቅ ነው፤ የአዛን ድምፅ የማይደርስበት ሕንፃ አለ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ አዛንን የሚሰማው ከማን ነው? ከአባቱ አንደበት ነዋ! ሳሎኑ ጠባብ ቢሆንም ለአንድ ስጋጃ አይጠብም። ሌሊት ለውሃ የነቃ ሕፃን አባቱን ወይም እናቱን በሱጁድ ላይ ካገኘ፣ ምንም ሳይነገረው የሚማረው ነገር አለ።

ሆኖም ስለ ሌሊት ሶላት ስንናገር ሌሊቱን ሙሉ ለማጥባት የምትነቃዋን እናት አንርሳ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሉቅማን (31፡14) እናት በድካም ላይ ድካም ተሸክማ ማርገዟንና ጡት የማስጣሉን ሁለት ዓመት አንስቶ ለእርሱና ለወላጆች እንድናመሰግን አዟል። በትውልድ ከተማዋ ሳለች ይህ ድካም ይከፋፈል ነበር። አያት ሕፃኑን ታዝለው ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ትላላክ ነበር፤ አክስት እንጀራውን ትጋግር ነበር። ከተማ ስንቀይር እነዚያ ሁሉ እጆች ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሥራው ግን አብሮን መጣ። ታዲያ የቀሩትን እጆች የሚተካው የማን እጅ ነው?

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መልሰዋል። ይህ በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለዚህ ልጅ አጥቦ ማስተኛት፣ ጄሪካን መሙላት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ እናቱን ለአንድ ሰዓት ማሳረፍ ከወንድነት የሚያጎድል ሳይሆን ሱና የሚያስገኝ ሥራ ነው። ለሊቱ ሶላት እንነሳለን የምንል አባቶች ከመነሳታችን በፊት የሚያለቅሰውን ሕፃን እናንሳ። እናቱ ፈጅር እስኪደርስ ጥቂት ብትተኛ የእርስዋም ሶላት ይቃናል።

ለዛሬዎቹ አንሷሮች

እስካሁን የተናገርነው ለመጪው ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ሒጅራ በሙሃጂሮች ብቻ አልተፈጸመም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሐሽር (59፡9) ቀድመው በአገሩ የነበሩትን ሰዎች ሲያወድስ ወደ እነርሱ የተሰደዱትን እንደሚወዱ፣ ራሳቸው ቢቸገሩም እንኳ ሌላውን እንደሚያስቀድሙ ገልጿል። ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ለወንድማቸው ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን እኩሌታ አቀረቡላቸው። ዐብዱረሕማን ባረካላህ ብለው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያመለክቷቸው ጠየቁ። አብዛኛው እንግዳ ዛሬም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ገንዘባችንን ሳይሆን መንገዱን እንድናሳየው።

ታዲያ ለሰፈር ነዋሪዎችና ለመስጂድ ኮሚቴዎች ሦስት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዲስ የገቡ ቤተሰቦች የሚጠየቁበት አጭር ጊዜ ይኑር። ሁለት ሽማግሌና ሁለት እናቶች ተመድበው በሳምንቱ ቤታቸውን ቢጠይቁ ወጪው የአንድ ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ የሴቶች መስገጃ በር በረመዳንና በጁምዓ ብቻ የሚከፈት አይሁን። ለአዲስ መጪ እናት ከገበያና ከክሊኒክ ሌላ የምትሄድበት ቦታ ሊኖር የሚችለው እዚያ ነው። ቁልፉ ካልተገኘ ግን ሕፃን አዝላ ከደጅ ትመለሳለች።

ሦስተኛውና ዋነኛው ሕፃናትን ይመለከታል። በአንድ መስጂድ ታላቁ ልጄ ከጎኔ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው በክንዱ ይዞ ወደ በሩ ሲገፋው አይቻለሁ። ልጁ አልጮኸም፤ አልሮጠም፤ ጥፋቱ ሰልፍ ውስጥ ትንሽ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ «መስጂድ እንሂድ» ስለው ለብዙ ቀናት ጫማውን አላገኘውም። ሌላ የሚያውቀው ቦታ በሌለበት ከተማ፣ የእርሱ ነው ብዬ ያሳየሁት ቤት በሩን ዘጋበት። ይህንን ቂም ለመያዝ አልጻፍኩትም። በየመስጂዱ ስለሚደርስና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያላደረጉት ስለሆነ ነው እንጂ። እርሳቸው የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲቆሙ ያነሷት ነበር። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙም እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ሶላቱን አሳጠሩ እንጂ ሕፃኑን አላስወጡም።

«ልጆች ይረብሻሉ» የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። ሉቅማን ልጃቸውን በአካሄዱ እንዲረጋ፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ መክረውታል (31፡19)። ይህ የወላጅ ሥራ ነው፤ ልጅን መስጂድ አምጥቶ ስልክ እያዩ መቀመጥ አይገባም። ነገር ግን የመስጂድን ሥርዓት ልጅ የሚማረው መስጂድ ውስጥ ነው። መዋኘት በደረቅ ምድር አይለመድም። በሰባት ዓመታቸው በሶላት እንዲታዘዙ የተነገረን ልጆቻችን እስከዚያ ድረስ የመስጂዱን ደጅ ፈርተው ከቆዩ፣ በሰባት ዓመታቸው ወደየት ልንጠራቸው ነው?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

ከተማ እየሰፋ ነው፤ ሕንፃውም ወደ ላይ እየረዘመ ነው። ግንቡን ሌላው ይሠራዋል፤ ጉርብትናውን ግን ማንም ሠርቶ ከቁልፉ ጋር አያስረክበንም። እርሱ በሰላምታ፣ በሳህን፣ በስልክና በሌሊት ሱጁድ የሚሠራ ነው። አዲስ ገቢ ከሆናችሁ እነዚህን አራት ስንቆች ያዙ። ነባር ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በደረጃው ላይ የምታገኙትን የማታውቁትን ልጅ «አሰላሙ ዐለይኩም» በሉት፤ ክርስቲያን ቢሆን «እንደምን ዋልክ?» በሉት፤ ስሙንም ጠይቁ። ነገም በዚያው ስም ጥሩት።

ጌታችን ሆይ! የሰዎችን ልብ ወደ ልጆቻችን አዘንብልልን፤ የእኛንም ልብ ወደ ሌሎች ልጆች አዘንብልልን። የሰፈርንበትን ከተማ ውደዱ ካልከን አስወድደን፤ የተውነውንም እንዳንረሳ እርዳን። ለብቸኛ እናቶች አጽናኝ ጎረቤት ስጣቸው። መስጂዶቻችንን ለትንንሽ እግሮች የሰፉ አድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።